የ2023 ቁጥር የ2023 ሞት አይደለም፦ ራስን ማጥፋት፣ ዕድሜና የዘገየ ምዝገባ በእንግሊዝና ዌልስ

ዳሞት (ክሩን የከፈተው)

ሰላም ለሁላችሁ። በየቴሌግራም ግሩፑ አንድ ግራፍ እየዞረ ነው። በእንግሊዝና ዌልስ ራሳቸውን ያጠፉ ወጣቶች ቁጥር በየዓመቱ ተደርድሯል። የመጨረሻው ዓመት ላይ መስመሩ ቁልቁል ይወርዳል። ከሥሩ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ እየቀነሰ ነው» ተብሎ ተጽፏል። ሰው ደስ ብሎት ነው የሚያጋራው፣ ይገባኛል። ግን ያ ቁልቁለት የመጣው ከወረቀት መዘግየት ነው። ይህን ሳያውቁ ማጋራት ጉዳት ስላለው ትንሽ ላስረዳ።

እዚህ አገር ሰው በሕመም ሲሞት በተለምዶ በ5 ቀን ውስጥ ይመዘገባል። ራሱን አጥፍቶ ይሆናል ተብሎ የተጠረጠረ ሞት ግን በዚያ መንገድ አይሄድም። ወደ ኮሮነር ይመራል። ኮሮነር የሞትን መንስኤ የሚያጣራ ዳኛ ነው። አስከሬን ያስመረምራል፣ ማስረጃ ይሰበስባል፣ ምስክር ይሰማል። በመጨረሻ ኢንክዌስት የሚባለው ችሎት ይካሄዳል። ችሎቱ ውሳኔ እስኪሰጥ ድረስ ሞቱ በመዝገብ አይሰፍርም። ይህ ብዙ ጊዜ ወራት ይፈጃል፤ አንዳንዱም ከዓመት ያልፋል።

አሁን ወደ ቁጥሩ። የስታትስቲክስ ቢሮው (ኦኤንኤስ) በየዓመቱ የሚያወጣው ዋና ቁጥር የሚቆጠረው በተመዘገበበት ዓመት ነው። ለ2023 ያወጣው 6,069 ነው፤ ከ100,000 ሰው 11.4 ማለት ነው። ከ1999 ወዲህ ከፍተኛው ምጣኔ ተብሎ ተዘገበ። ከእነዚህ 6,069 ሰዎች ውስጥ ግን ከግማሽ በላይ የሚሆኑት የሞቱት ከ2023 በፊት ነው። በ2023 ከሞቱት ብዙዎቹ ደግሞ እዚያ ውስጥ የሉም። በ2024 እና ከዚያ በኋላ ነው የሚገቡት።

ሞቱ በደረሰበት ዓመት የተደረደረ ሰንጠረዥም አለ። የሚዞረው ግራፍ የተሠራው ከእሱ ነው። ሰንጠረዡ ጥሩ ነው፤ የመጨረሻው ዓመት ግን ሁልጊዜ ጎዶሎ ነው። ጉዳያቸው በችሎት ያላለቀ ሰዎች ገና አልተጨመሩበትም። ስለዚህ በየትኛውም ዓመት ብትከፍቱት መጨረሻው የቀነሰ ይመስላል። ዓመት ቆይታችሁ ስታዩት ያ ዓመት ሞልቷል፤ አዲሱ የመጨረሻ ዓመት ደግሞ ጎዶሎ ሆኗል።

---

የማታ ተረኛ

ዳሞት እጅህ ይባረክ። እኔ የአእምሮ ሕክምና ክፍል ነርስ ነኝ። ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለ ታዳጊዎች ነው። እኔ ግን ተረኛ ስሆን አብዝቼ የማየው 40ዎቹና 50ዎቹ ውስጥ ያለ ወንድ ነው። ከሥራ የወጣ፣ ትዳሩ የፈረሰ፣ ልጆቹን የማያገኝ። «ደህና ነኝ» ብሎ ነው የሚጀምረው። ቁጥሩ በዕድሜ ሲከፈል ምን ይላል?

---

ዳሞት

የምታዪው ከሰንጠረዡ ጋር ይገጥማል። በ2023 ምዝገባ ከወንዶች ከፍተኛው ምጣኔ ያለው ከ45 እስከ 49 ዓመት ባሉት ላይ ነው፤ ከ100,000 ሰው 25.5። ከሴቶች ከ50 እስከ 54 ባሉት ላይ፣ 9.2። ዕድሜ ሳይለይ የወንዶቹ 17.4፣ የሴቶቹ 5.7 ነው። ሦስት እጥፍ ገደማ።

እዚህ ላይ ሰው የሚደናገርበት ነገር አለ። «ራስን ማጥፋት የወጣቶች ቀዳሚ ገዳይ ነው» ሲባል ትሰማላችሁ። ያም እውነት ነው። ከ20 እስከ 34 ዓመት ባሉት ዘንድ ለዓመታት የመጀመሪያው የሞት ምክንያት ሆኖ ቆይቷል። በዚያ ዕድሜ በልብ ሕመም ወይም በካንሰር የሚሞት ጥቂት ስለሆነ ከሞቱት ውስጥ ትልቁን ድርሻ ይይዛል። 50 ዓመት ላይ ሌላው በሽታ ስለሚበዛ በዝርዝሩ ወደ ታች ይወርዳል፤ በራሳቸው እጅ የሚሞቱት ግን በቁጥር ከወጣቶቹ ይበልጣሉ። አንዱን ብቻ የሰማ ሰው ወይ ጎልማሳውን ይረሳል፣ ወይ ወጣቱን።

---

ናኒ

እኔ የ13 ዓመት ልጅ አለችኝ። ስለዚህ ቁጥር ስትሉ የማስበው እሷን ነው። ከ10 እስከ 14 ዓመት ያሉት እንዴት ነው የሚቆጠሩት? አንድ ቦታ አሉ፣ አንድ ቦታ የሉም። ያለፈው ዓመት ጨመረ ይሉና እንደገና ቀነሰ ይላሉ። ምኑን ልመን?

---

መምህር ዘ

ናኒ፣ ጥያቄሽ ተገቢ ነው። ስታትስቲክስ አስተምራለሁና እኔ ልሞክር።

በአንዳንድ የቆዩ ሰንጠረዦች ላይ የሌሉት ያኔ ቆጠራው ከ15 ዓመት ስለሚጀምር ነው። ከ2016 መጀመሪያ ወዲህ ቢሮው ከ10 ዓመት ጀምሮ መቁጠር ጀመረ። ለሁለቱ ዕድሜ የሚሠራበት መመዘኛ ግን አንድ አይደለም። 15 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆነ፣ ሆን ተብሎ የተደረገ መሆኑ የተረጋገጠው ላይ ሐሳቡ በእርግጠኝነት ያልታወቀውም ይደመራል። ከ10 እስከ 14 ላሉት ግን ሆን ተብሎ የተደረገው ብቻ ነው የሚቆጠረው። ሕፃን ልጅ ላይ ሁኔታው ያልታወቀ ሞት አደጋ ሊሆን ይችላል። ቸልተኝነት ወይም ጥቃትም ሊኖርበት ይችላል። ያን ራስን ማጥፋት ብሎ መመዝገብ ልጁን ሁለት ጊዜ መበደል ነው። ስለዚህ ጥንቃቄው ትክክል ይመስለኛል። የ13 ዓመትን ምጣኔ ከ16 ዓመት ጋር የሚያወዳድር ሰው ግን ሁለት የተለያዩ ሚዛኖችን እያወዳደረ መሆኑን ይወቅ።

ከዚያ የቁጥሩ ማነስ አለ። ደግነቱ በዚያ ዕድሜ ቁጥሩ ትንሽ ነው። ትንሽ ቁጥር ደግሞ በቀላሉ ይዋዥቃል። ቢሮው ራሱ ከ3 ሞት በታች ከሆነ ምጣኔ አያሰላም፤ ከ20 በታች ከሆነ «አያስተማምንም» የሚል ምልክት ያደርግበታል። ጋዜጣው ያን ምልክት ይጥለውና «በእጥፍ ጨመረ» ብሎ ይጽፋል። በዚህ ላይ መዘግየቱ ይጨመርበታል። ሁለት ሦስት የቆዩ ችሎቶች በአንድ ወር ካለቁ ያ ዓመት የጨመረ ይመስላል፤ ልጆቹ ግን የሞቱት በተለያየ ዓመት ነው።

ስለዚህ ለዚህ ዕድሜ የአንድ ዓመት ቁጥር አትይ። የአምስት ዓመት አንድ ላይ እይ።

---

ሀቁ ይውጣ

ይቅርታ አድርጉልኝና፣ እኔ ይህ ሁሉ ማድበስበስ ነው የሚመስለኝ። በ2020 ሰው ሁሉ ቤቱ ተዘግቶበት፣ ብቻውን ሆኖ፣ ሥራ አጥቶ ነበር። መንግሥት ግን «ቀነሰ» አለ። እስቲ ይህን አስረዱኝ። ቁጥሩን እየደበቁ አይደለም?

---

ዳሞት

ወንድሜ፣ ጥርጣሬህን አልንቅም። በ2019 የተመዘገበው 5,691 ነበር፣ በ2020 ወደ 5,224 ወረደ። ቢሮው ግን ያኔውኑ ምክንያቱን አብሮ ጽፏል። አንዱ ችሎቶች በወረርሽኙ ምክንያት መቆማቸው ነው። ምስክር አይገባም፣ አዳራሽ ተዘግቷል፣ የኮሮነሮች ሥራ ተከመረ። ሌላው በወረርሽኙ መጀመሪያ ወራት በወንዶች ላይ የታየ እውነተኛ መቀነስ ነው። ሁለቱ አንድ ላይ ናቸው። ይህ ማብራሪያ በሪፖርቱ ላይ ተጽፎ ነበር፤ አርዕስቱን ብቻ ያነበበ ሰው ግን አላየውም።

መደበቅ የሚባለው ቁጥሩ ጭራሽ ሳይወጣ ሲቀር ነው። እዚህ ይወጣል፣ ዘግይቶ ነው የሚወጣው። የሚያናድደኝ መዘግየቱ ነው። ደንቡ ኢንክዌስት በ6 ወር ውስጥ ይጠናቀቅ ይላል፤ «ወይም በተቻለ ፍጥነት» የሚል ሐረግ አለው። ከ12 ወር ያለፈ ጉዳይ ካለ ኮሮነሩ ለዋናው ኮሮነር ማሳወቅ አለበት። ደንቡ አለ ማለት ነው። የሚጎድለው ሰውና ገንዘብ ነው።

---

መምህር ዘ

ስኮትላንድን ማየት ይጠቅማል። እዚያ ኮሮነር የለም። ሞት በ8 ቀን ውስጥ ይመዘገባል፣ አጠራጣሪውን ሞት የሚያጣራው ዐቃቤ ሕግ (ፕሮኪዩሬተር ፊስካል) ነው። ምርመራው ይቀጥላል፣ ምዝገባው ግን እሱን አይጠብቅም። ስለዚህ ስኮትላንድ ለ2023 ያወጣችው 792 በአብዛኛው በእርግጥ በ2023 የሞቱ ሰዎች ነው። ጎረቤት አገር፣ አንድ መንግሥት ሥር፣ ሁለት አሠራር። የእንግሊዝን የአንድ ዓመት ቁጥር ከስኮትላንድ ጋር ጎን ለጎን አስቀምጦ «እነሱ ጨመሩ፣ እኛ ቀነስን» ማለት አይቻልም።

ሌላም ነገር አለ። እስከ 2018 አጋማሽ ኮሮነር «ራሱን አጥፍቷል» ብሎ ለመወሰን እንደ ወንጀል ችሎት ከጥርጣሬ በላይ እርግጠኛ መሆን ነበረበት። በሐምሌ 2018 ከፍተኛው ፍርድ ቤት መስፈርቱን ዝቅ አደረገው፤ «ይበልጥ የሚመስለው ይህ ነው» ማለት በቂ ሆነ። በኅዳር 2020 የመጨረሻው ፍርድ ቤት አጸናው። አሁን ከ10 እስከ 24 ዓመት ያሉ ሴቶችን ውሰዱ። በ2019 ምዝገባ ምጣኔያቸው ከ100,000 3.1 ደረሰ። ተከታታይ መዝገቡ ከጀመረበት ከ1981 ወዲህ ከፍተኛው ነበር። ከፊሉ የ2018 ሞት ነው። ውሳኔው የተሰጠው በአዲሱ መስፈርት ነው። ስለዚህ ከጭማሪው ምን ያህሉ የመስፈርቱ ነው ብሎ መጠየቅ ግድ ነው። ነገር ግን የነዚህ ልጆች ምጣኔ መውጣት የጀመረው ከመስፈርቱ ለውጥ በፊት ነው። «መስፈርቱ ነው» ብሎ የሚያጣጥለውን ሰው አልቀበለውም።

---

እንግዳ

ብዙ ጊዜ የማነብ እንጂ የምጽፍ ሰው አይደለሁም። ታናሽ ወንድሜን በዚህ መንገድ አጥተናል። ሃያዎቹ ውስጥ ነበር።

ቀበርነው፣ ለቅሶ ተቀመጥን፣ ዘመድ መጣ፣ ሄደ። ችሎቱ ግን እስካሁን አልተካሄደም። ቀን ተሰጥቶን ነበር፣ ተላለፈ። ለምን እንደተላለፈ የነገረን የለም። ደውዬ ነው የሰማሁት። እናቴ በየሳምንቱ «ወረቀቱ አለቀ?» ትላለች። ባንኩ የሞት ምስክር ወረቀት አምጡ ይላል። አገር ቤት ያለው ቤተሰብም ወረቀት ይጠይቃል። ምን ልበላቸው?

ዳሞት የጻፍከውን ሳነብ አንድ ነገር ገባኝ። ወንድሜ እስካሁን በማንኛውም ቁጥር ውስጥ የለም ማለት ነው። ያ ቁልቁል የሚወርደው መስመር ላይ ከጎደሉት አንዱ እሱ ነው። «እየቀነሰ ነው» ብሎ የሚያጋራው ሰው ይህን ቢያውቅ እላለሁ።

---

የማታ ተረኛ

ወንድሜ፣ እግዚአብሔር ያጽናችሁ። ለእናትህም ለአንተም። በዚህ መንገድ ወንድም ያጣ ሰው ራሱም የሚያዳምጠው ያስፈልገዋል። ለራስህ ጊዜ ስጥ፤ ለሐኪምህም ንገረው። ሌሊት ሲከብድህ ሳማሪታንስ 116 123 ላይ ቀንም ማታም ያነሳሉ፣ ጥሪው ነጻ ነው። ይህን የምታነቡ፣ ለራሳችሁ የምትሰጉም ካላችሁ፣ ያው ቁጥር ነው። ለሕይወት አስጊ ከሆነ 999።

---

አስተርጓሚዋ

እንግዳ ወንድሜ፣ ነፍስ ይማር። እኔ በኮሮነር ችሎት ለወገኖቻችን አስተረጉማለሁ። ሰው የማያውቃቸው መብቶች ስላሉ ልንገርህ።

ችሎቱ እስኪያልቅ አትጠብቅ፤ ጊዜያዊ የሞት ማረጋገጫ ከኮሮነሩ ቢሮ መጠየቅ ትችላለህ። ሞቱን ያረጋግጣል፣ መንስኤውን አይወስንም። ለባንክ፣ ለውርስ ጉዳይና ለመሥሪያ ቤቶች ብዙውን ጊዜ ይበቃል። ብዙ ቤተሰብ ይህ እንዳለ ሳያውቅ ነው ወራት የሚቸገረው። አገር ቤት ላለው ጉዳይ ይበቃ እንደሆነ ወረቀቱን የጠየቀውን መሥሪያ ቤት ቀድማችሁ ጠይቁ።

እናንተ በሕጉ የጉዳዩ ባለቤቶች ናችሁ። የምርመራውን ሰነድ ለማየት መጠየቅ ትችላላችሁ። በችሎቱ ላይ ምስክር መጠየቅ ትችላላችሁ። ቀኑ ለምን እንደተላለፈ የማወቅ መብት አላችሁ። የምታናግረው ሰው የኮሮነሩ ኦፊሰር ይባላል። ስሙን ያዝ፣ በስልክ የተነጋገራችሁትን በኢሜይል ድገመው። እናትህ በአማርኛ መከታተል ከፈለጉ ቀኑ ሳይደርስ አስቀድመህ ንገራቸው። በችሎቱ ቀን ተነግሮ አስተርጓሚ ሳይገኝ ሲቀር፣ ቤተሰቡ የልጁን ነገር ሳይረዳ ሲወጣ አይቻለሁ። ያ በጣም ያሳዝናል።

ችሎቱ ሲያልቅ ደግሞ ምዝገባው ላይ እናንተ መገኘት አያስፈልግም። ኮሮነሩ በቀጥታ ለመዝጋቢው ይልካል። ከዚያ ምስክር ወረቀቱን ታዝዛላችሁ።

---

ሀቁ ይውጣ

እንግዳ፣ ነፍስ ይማር ወንድሜ። ነገሩ እንዲህ ከሆነ አንድ ጥያቄ አለኝ። አሁን በዚህ ወር ወጣቶች ላይ የሆነ ነገር ቢጀምር፣ የሚያውቀው ሰው ማን ነው? ዓመት ተኩል ጠብቀን ነው የምንሰማው?

---

የማታ ተረኛ

ይህን ጥያቄ እኛም ሥራ ላይ ስንጠይቀው ኖረናል። አሁን መልስ መሰጠት ጀምሯል።

ከ18 ዓመት በታች ከሆነ፣ እንግሊዝ ውስጥ ከ2019 ጀምሮ የሕፃናት ሞት ብሔራዊ መረጃ ቋት አለ። ልጅ ሲሞት በ48 ሰዓት ውስጥ ይነገራቸዋል፤ ችሎት አይጠብቁም። በ2020 ሰው ሁሉ ስለ ልጆቹ ሲጨነቅ በዚያው ክረምት የመጀመሪያ ዘገባቸውን ማውጣት የቻሉት ለዚህ ነው።

ለሁሉም ዕድሜ ደግሞ እንግሊዝ ውስጥ ከኅዳር 2023 ጀምሮ መንግሥት ከፖሊስ በሚሰበሰብ መረጃ ላይ ተመሥርቶ በየወሩ የተጠረጠሩ ሞቶችን ያወጣል። በዕድሜና በፆታ ተከፍሏል። «የተጠረጠረ» የሚለውን ቃል ግን አትዝለሉት። ኮሮነሩ በኋላ አደጋ ነው ብሎ ሊወስን ይችላል። ስለዚህ ከኦኤንኤስ ቁጥር ጋር አይደመርም፣ አይቀነስም። ጥቅሙ ማስጠንቀቂያ መሆኑ ነው። በአንድ የዕድሜ ክልል ባልተለመደ ሁኔታ ሲበዛ ትምህርት ቤቶችና ጤና ጣቢያዎች ቶሎ እንዲነቁ ያደርጋል።

---

ናኒ

ከእኛ ከሐበሾች ልጆች ምን ያህሉ እንደሆነስ የሚታወቅበት መንገድ አለ? ቤተ ክርስቲያን ስንገናኝ «እገሌ እንዲህ ሆነ» እየተባለ በሹክሹክታ ነው የምንሰማው። ብቻቸውን ተሰደው የመጡ ልጆች ነገር በተለይ ይከነክነኛል።

---

መምህር ዘ

ናኒ፣ ከመዝገቡ በቀጥታ ማውጣት ከባድ ነው። የሞት ምዝገባ ላይ የትውልድ አገር ይጻፋል። ብሔር ወይም ዘር ግን ለረጅም ጊዜ ሲጻፍ አልኖረም፤ በዘር የተከፈለ ጥናት ሲወጣ መዝገቡን ከሕዝብ ቆጠራ ጋር አገናኝተው ነው። በቅርብ ጊዜ የመጣ ልጅ ደግሞ በቆጠራው ላይ ላይኖር ይችላል። እዚህ የተወለደችው ልጅሽ «እንግሊዝ የተወለደች» ሆና ነው የምትቆጠረው። የአንድ ማኅበረሰብ ቁጥር ቢወጣም ትንሽ ስለሚሆን ቅድም ያልኩት ችግር ይገጥመዋል፤ ቤተሰቡንም ያጋልጣል።

ስለዚህ ቁጥር እስኪወጣ መጠበቅ አያስፈልገንም። ብቻቸውን ለመጡት ልጆች ምን እያደረግን ነው የሚለውን ዛሬውኑ መነጋገር እንችላለን። የማኅበር አመራሮች እዚህ ካላችሁ ሌላ ክር ክፈቱ፤ እኔ እጨመራለሁ።

---

ዳሞት

መምህር፣ ክሩን እኔ ዛሬ ማታ እከፍተዋለሁ። እርስዎም የማታ ተረኛም ግቡበት።

ግራፉን ላጋሩት ሰዎች የምልከውን እዚህ ላስቀምጥ፤ የፈለገ ይውሰደው፦

«የመጨረሻው ዓመት ገና አልሞላም። ብዙ ችሎቶች አላለቁም። መቀነሱን ወይም መጨመሩን ከዚህ መስመር ማወቅ አይቻልም። ለወጣቶች የአምስት ዓመት ድምር እዩ። ለቅርቡ ወር የተጠረጠሩ ሞቶችን ወርኃዊ ዘገባ እዩ። ልባችሁ የከበደ 116 123 ደውሉ።»

---

እንግዳ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። አስተርጓሚዋ፣ ጊዜያዊ ማረጋገጫ የሚባል ነገር መኖሩን ማንም ነግሮን አያውቅም። ሰኞ ጠዋት ኦፊሰሩ ጋ እደውላለሁ። የተላለፈበትን ምክንያትና አዲሱን ቀን በጽሑፍ እጠይቃለሁ፣ ለእናቴም አስተርጓሚ አስመዘግባለሁ። ኢሜይሉን ስጽፍ ብልክልሽ ታይልኛለሽ?

---

አስተርጓሚዋ

በደስታ። በውስጥ መስመር ላክልኝ። የወንድምህን ስም እዚህ አትጻፍ፤ የጉዳዩን ቁጥር ግን ኢሜይሉ አናት ላይ አድርገው፣ ቶሎ ያገኙታል።